ስምንት የዱባ ፍሬ

በእህቴ በሶኮሮ መቅናት የጀመርኩት ሦስት ወር ሊሞላት ጥቂት ቀን ሲቀራት ነው። ከዚያ በፊት ቅናት አልነበረኝም። ታለቅሳለች፣ ትጠባለች፣ ጨርቋን ታበላሻለች፤ በዚህ ማን ይቀናል? ጨርቁን የማጥበውም እኔ ነበርኩ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሦስተኛ ክፍል። ስለ ሦስተኛ ክፍል ደጋግሜ ካነሳሁ አትፍረዱብኝ፤ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። አራተኛን አላየሁትም።

መንደራችን ሽካንሃ ያኔ ትንሽ ነበረች። አራት ቅስት ያለው ማዘጋጃ ቤት፣ በጥንቱ ጦርነት ተቃጥሎ እስከ ዛሬ ጣራ ያልወጣለት ቤተ ክርስቲያን፣ ወፍጮ ቤት፣ ጉድጓድ፤ በቃ። እሁድ እሁድ ማዘጋጃ ቤቱ በድምፅ ማጉያ የወንዱን ስም እየጠራ ለጉልበት ሥራ ያስወጣል፤ የቀረ ሰው ሰኞን እስር ቤት ነው የሚያሳልፈው። ትምህርት ቤታችን የተሠራው በዚሁ በእሁድ ጉልበት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በወደቀ ድንጋይ ነው። አሮጊቶች "ልጆቹ ከሙታን ጋር ሊማሩ ነው" ብለው ነበር። አባቴ አንሴልሞ ግን ከሁለተኛው መስኮት በታች ያለውን ግንብ "የኔ ነው" ይላል። እንግዳ ሲመጣ ወስዶ ያሳየዋል። ግንቡን ነው የሚያሳየው፤ ውስጥ የተቀመጠችውን ልጁን አይደለም።

ውስጥ መምህርት ኤልቪያ አለች። መምህርት ኤልቪያ የኔ ነበረች። ሌላውም ልጅ እንደዚሁ ይል ይሆናል፤ ውሸቱን ነው።

የመጣችው ከትልቁ ከተማ ከሜሪዳ ነው። ወላጆቿ የቃጫ እርሻ ሠራተኞች ነበሩ አሉ፤ በልጅነቷ ሞተውባት መነኮሳት አሳደጓት። ቋንቋችንን ማያኛን ትናገራለች፣ ግን የሰው ቀሚስ እንደለበሰ ሰው እየጠበባት ነው። እኛን ግን ክፍል ውስጥ በማያኛ ስላወራን መትታን አታውቅም፤ ከሷ በፊት የነበረው ይመታን ነበር። መደመርና መቀነስ ያስተማረችን በጥቁር ባቄላ ነው። ባቄላውን ጠረጴዛው ላይ ትበትንና የተወሰነውን በመዳፏ ትሸፍናለች። "ስንት ደበቅሁ?" ትላለች። ሌላው ጣቱን እየቆጠረ እኔ ጨርሻለሁ።

"ሊብራዳ፣ የኔ ቆጣሪ፣ ነይ አንቺ ንገሪያቸው።"

"የኔ" ያለችው ለእኔ ብቻ ነው። አንድ ቀን ለኤውሴቢያ "የኔ ቆንጆ" ያለቻት መሰለኝና የኤውሴቢያን ሪባን ሰርቄ ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። አልጸጸተኝም። አሁንም ብዙ አይጸጽተኝም፤ ኤውሴቢያ ኋላ ስንት ሪባን ገዝታለች።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ከቤታችን የመምህርት ኤልቪያ ድምፅ ይሰማል። ባልዲዬን አውርጄ ከግድግዳው ኋላ ቆምኩ። የኛ ቤት ግድግዳ ቀጫጭን እንጨት ተደርድሮ የቆመ ነው፤ ጭቃው የረገፈበት ሁሉ ዓይን ያስገባል። ሶኮሮ በመምህርቴ ክንድ ላይ ተጋድማለች። አባቴ ይስቃል። እናቴ ፊዴሊያ በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

"እንግዲህ አበልጅ ከሆኑማ እኔ ምን አፍ አለኝ!" ይላል አባቴ።

"ቃል ነው፣ ዶን አንሴልሞ?"

"ቃል ነው። እኔስ ለቀልድ ነበር ያልኩት፤ እርስዎ የምርዎን ያዙት እንጂ።"

"እኔ ቀልድ አላውቅም። ቅዳሜ ሦስት ወር ይሞላታል አይደል? ደብተርና እርሳሱን እኔ አመጣለሁ።"

ከዚያ ጎንበስ ብላ ሶኮሮን ግንባሯን ሳመቻት። እኔን ስማኝ አታውቅም። ዘጠኝ ሲቀነስ አራት ቶሎ ብዬ ስመልስ እንኳ አልሳመችኝም።

እኛ ዘንድ ሕፃን ከተወለደ ጀምሮ በክንድ ተጋድሞ ነው የሚያዘው። ዳሌ ላይ አንፈራጦ የሚቀመጥበት ቀን የራሱ ነው፤ ሄትስሜክ እንለዋለን። ለወንድ በአራተኛ ወሩ፣ የበቆሎ ማሳ ማዕዘኑ አራት ነውና፤ ለሴት በሦስተኛ ወሯ፣ ጉልቻ ሦስት ነውና። ያቀፈቻት ሴት ጠረጴዛውን ዘጠኝ ጊዜ ትዞራለች፣ በየዙሩም አንድ ዕቃ ታስይዛታለች። የሕፃኗ እጅ የያዘውን ሕይወቷ ይይዘዋል። አቃፊዋ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ለወላጆቹ አበልጅ ናት፤ አበልጅ ከወንድም ይበልጣል፣ አበልጅ ለምኖ አያፍርም።

እና የኔዋ መምህርት፣ ሽካንሃ ውስጥ ካለው ሕፃን ሁሉ፣ ሶኮሮን መርጣ ደብተር ልታስይዛት ነው። ገና ራሷን ቀጥ አድርጋ መያዝ ለማትችል ለሶኮሮ!

መምህርቷ ከሄደች በኋላ ባልዲዬን ይዤ ገባሁ። እናቴ ቂጣ ትጋግራለች። ከወለደች ወዲህ ቆማ መሥራት ስለማትችል ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ነው የምትውለው። ፊቷ ነጭ ነበር። እኔ ግን የናቴን ፊት የማይበት ጊዜ አልነበረኝም።

"ምነው ፊትሽ?" አለችኝ።

"ምንም።"

"ውሃ ለመቅዳት ይሄን ያህል?"

"ወረፋ ነበር።"

ቂጣውን ትታ አተኩራ አየችኝ። "ደስ አላለሽም?"

"አላለኝም።"

"ለምን?"

"አልፈልግም። መምህርቷ እዚህ ቤት እንድትገባ አልፈልግም። የምታመጣውንም ነገር አልፈልግም።"

ቂጣው ጠርዙ አረረ። "አንቺ ልጅ፣ ይሄን እልኽ ከማን ወረስሽው?" ብላ ገለበጠችው።

በማግስቱ በኖራ የተቀቀለውን በቆሎ በራሴ ተሸክሜ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ከፊቴ አክስቴ ቶማሳ ቆማለች፤ የአባቴ ታላቅ ናት። እኔን ሦስት ወር ሲሞላኝ ያቀፈችኝ እሷ ናት፤ ሶኮሮንም የማቅፈው እኔ ነኝ ብላ አዲስ ጥልፍ ቀሚስ ጀምራ ነበር። ወሬው ደርሷታል።

"መጣሽ? የከንቲባ ዘመዶች!" አለችኝ። "አንቺን ማን አቀፈሽ? እኔ! ምን ጎደለብሽ? እግርሽ ይሄዳል፣ አፍሽ ይሄዳል። አሁን ጫማ ያላት መጣችና የኔ ዳሌ አጥንት ሆነ!"

ወረፋው ሳቀ።

"አክስቴ፣ እኔን ስታቅፊኝ ምን ምን አስያዝሽኝ?"

"የሚያስፈልገውን ነዋ። መርፌ፣ መቀስ፣ ቅል፣ የክር ማጠንጠኛ..."

"እርሳስስ?"

"እርሳስ? ያኔ ሽካንሃ ውስጥ እርሳስ ያለው ከንቲባው ብቻ ነበር። እሱም ጆሮው ላይ ይሰካዋል እንጂ ሲጽፍበት ያየ ሰው የለም።"

ሴቶቹ በሳቅ በቆሏቸውን ሊደፉት ነበር። እኔ አልሳቅሁም። እርሳስ አልያዝኩም ማለት ነው። እንግዲያው ሦስተኛ ክፍል ምን ልሠራ ገባሁ? እንደ ተዋስኩት ዕቃ መሰለኝ፤ ባለቤቷ እስክትመጣ የያዝኩት። ባለቤቷ ደግሞ መጣች፤ ጥርስ የላትም፣ ቅዳሜ ልትረከበኝ ነው።

ቅዳሜ ጧት ጠረጴዛው ከቤቱ መሀል ተዘረጋ። ነጭ ጨርቅ፣ ሻማ፣ ዘጠኝ ነገር በተራ፦ መርፌ፣ መቀስ፣ ማጠንጠኛ፣ ቅል፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የበቆሎ ዛላ፣ ሳንቲም፣ የእንጨት ማማሰያ። መጨረሻ ላይ መምህርት ኤልቪያ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር አስቀመጠች፤ እርሳሱን በላዩ። እርሳሱ ገና አልተቀረጸም። ሽታው እስከ እኔ ይመጣል፣ የአዲስ እንጨት ሽታ። በሕይወቴ እንደዚያ የተመኘሁት ወንድ እንኳ የለም።

ዙሩ የሚቆጠረው በተቆላ የዱባ ፍሬ ነው። አቃፊዋ ራሷ ዘጠኝ ፍሬ ቆጥራ ሳህን ላይ ታኖራለች፤ በየዙሩ አንዷን ወደ ሌላ ባዶ ቅል ትጥላለች። ፍሬው ሲያልቅ ዙሩ አለቀ። በአፍ አይቆጠርም። አቅፎ በአፍ የቆጠረ የሕፃኗን ዕድሜ ቆጠረ ይላሉ። ጸሎተኛው ዶን ኢላሪዮ ይህንን ሁሉ ለመምህርቷ ሁለቴ ነገራት። እሷም እንደ ተማሪ ራሷን እየነቀነቀች ሰማች፤ ሥርዓቱን ከዚያ በፊት የምታውቀው በወሬ ብቻ ነው። አዲስ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ መጥታለች፣ የኛን አገር። አንገቱ ሰፍቷት ትከሻዋ ላይ ይንሸራተታል። ፍሬዎቹን አንድ በአንድ አስቀመጠች። አያለሁ፤ ዘጠኝ ናቸው።

ከዚያ ግቢ ውስጥ ጩኸት ሆነ። ውሻችን ከድስቱ የዶሮዋን አንገት መንትፎ እያቃጠለው ይጮኻል፤ አባቴ በዱላ፣ አክስቴ ቶማሳ በስድብ ያባርሩታል። ሰው ሁሉ ለማየት ወጣ። መምህርቷም ሶኮሮን ለመቀበል ወደ እናቴ ወጣች። ቤት ውስጥ እኔና ሻማው ቀረን።

ደብተሩን መስረቅ አልፈለግኩም። የተሰረቀ ደብተር ይመታበታል። እኔ የፈለግኩት በሥርዓት እንዲቀር ነው፣ እንዲተርፍ፣ ማንም ያልያዘው ሆኖ። የተረፈ ደግሞ የታላቅ ነው። ዘጠኝ ሲቀነስ አንድ ስምንት። ስምንተኛው ማማሰያው ነው፤ ሶኮሮ ማማሰያውን ትያዝ! ይህን መቀነስ ያስተማረችኝ ራሷ መምህርት ኤልቪያ ናት። ከሳህኑ አንዷን ፍሬ አንስቼ ከነቅርፊቷ አፌ ውስጥ ከተትኩ። ጨው ነበረባት።

ሁሉም ተመለሰ። ዶን ኢላሪዮ ጸለየ። መምህርት ኤልቪያ ሶኮሮን ዳሌዋ ላይ አንፈራጣ አስቀመጠቻት። ሶኮሮ እንደ ወይዘሮ ቀጥ አለች፤ ከዚያ በፊት ዓለምን ጣራ ጣራውን ነበር የምታየው፣ አሁን የሰው ፊት ታያለች። ሁሉም "እሰይ!" አለ። መዞር ጀመረች። መርፌ፤ "ስፌት እንድታውቂ።" ፍሬ ወደ ቅል። መቀስ፤ "መቁረጥ እንድታውቂ።" ፍሬ ወደ ቅል። የመምህርቷ ማያኛ ሲሰበር አክስቴ ቶማሳ በአፍንጫዋ ትስቃለች። ማማሰያው ላይ ደረሰች። "ቤትሽ እንዲሞላ።" ፍሬ ወደ ቅል።

ሳህኑ ባዶ ነው።

መምህርት ኤልቪያ ቆመች። ሳህኑን አየች። ደብተሩን አየች። ዓይኗ ቤቱን አንድ ጊዜ ዞረና እኔ ላይ አረፈ። እኔ ምሰሶውን አቅፌያለሁ።

"ምነው ቆሙ?" አለ አባቴ።

"አንድ ቀርቷል" አለች በቀስታ።

"ፍሬው የታል?" አለ ዶን ኢላሪዮ።

ያኔ አክስቴ ቶማሳ ዳሌዋን ይዛ መሀል ገባች። "የለማ! ስምንት ነዋ የቆጠረችው! ኧረ ሰዎች፣ ልጆቻችንን የሰጠናት እስከ ዘጠኝ መቁጠር ለማትችል መምህርት ነው!"

በመጀመሪያ የሳቁት ወንዶቹ ናቸው። ከዚያ ሁሉም። አባቴም ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ ሳቀ።

መምህርት ኤልቪያ ወደ እኔ መጣች። ሶኮሮ አሁንም ዳሌዋ ላይ ናት። በሌላው እጇ አገጬን ቀና አደረገችና በአውራ ጣቷ የከንፈሬን ጥግ ጠረገችልኝ። ከዚያ ዞር ብላ፣ "እኔ ነኝ የቆጠርኩት። ተሳስቻለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ" አለች።

ያኔ ያባበለችኝ መሰለኝ፤ አሁንም የኔ ናት ብዬ ደስ አለኝ። ከንፈሬ ላይ የዱባ ፍሬ ቅርፊት እንደነበር የገባኝ ካገባሁ በኋላ ነው፣ የልጄን አፍ ስጠርግ። እጄ ከልጄ አፍ ላይ ቀረ። ባሌ "ምን ሆንሽ?" አለኝ። "ምንም" አልኩት።

ዶን ኢላሪዮ ሻማውን አጠፋ። "በጎደለ ዙር አበልጅነት አይታሰርም" አለ። "ያጎደለ እጅም አይደግመውም። ሌላ ሴት ፈልጉ፤ ማክሰኞ እመለሳለሁ።" ሌላ ሴት ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። አክስቴ ቶማሳ ጥልፏን ሰኞ ጨረሰች።

ማክሰኞ አክስቴ ሶኮሮን ይዛ እንደ ሰልፈኛ ዞረች። ዘጠነኛው ዙር ላይ ምን ብታነሳ ጥሩ ነው? ሰማያዊውን ደብተር! መምህርቷ ጥላው ሄዳ ነበርና። "እንግዲህ ካለ ይያዝ" ብላ አስያዘቻት። ሶኮሮ በአምስት ጣቷ ጨመቀችው፣ እርሳሱንም ወደ አፏ ወሰደችው። አፌ ጨው ጨው አለኝ። ያን ያህል ለፍቼ በማክሰኞ ተቀማሁ።

"ስምንት" የመምህርት ኤልቪያ ስም ሆነ። ወንዶቹ በእሁድ ጉልበት ሥራ ላይ ድንጋይ ሲቆጥሩ "ሰባት፣ ስምንት፣ አስር!" እያሉ ይስቃሉ። ልጆች በመንገድ ስታልፍ ከአጥር ኋላ "ስምንት!" ብለው ይሮጣሉ። አንድ ቀን እኔም ጮህኩ። ሶኮሮን ስለሳመቻት ነው የጮህኩት። ዞር ብላ አላየችኝም፤ ድምፄን ግን ታውቀዋለች።

ፋሲካ ሲቃረብ ከበራችን ላይ አባቴን አናገረችው። እኔ ጓሮ ሆኜ ሰማሁ።

"ዶን አንሴልሞ፣ ቃልዎ?"

"እኔ ቃሌን አላጠፍኩም፣ መምህርት። አበልጅ አልሆንንም እንጂ። ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ሌላ መንገድ አይኖርም?"

"እናቷ ውሃ መሸከም አትችልም። እርስዎ ይሸከሙልናል?"

ስለ ሶኮሮ የሚከራከሩ መሰለኝ። መምህርቷ ሶኮሮን ተከለከለች ብዬ ጓሮ ውስጥ ብቻዬን በአንድ እግሬ ዘለልኩ።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው ሰኞ አባቴ "ከእንግዲህ ትምህርት የለም" አለኝ። "ሦስተኛ ክፍል ይበቃል፤ ስምሽን ትጽፊያለሽ።" እናቴን አየኋት። ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷም እኔን አየችኝ፣ የሆነ ነገር ከእኔ እንደሚጠብቅ ሰው፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ ምድጃው መለሰች። እኔም እልኽ ያዘኝ፤ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። እርሳስ ያልያዘ እጅ ምን ብሎ ይጠይቃል? የዓመቱ ትምህርት ሲያልቅ መምህርት ኤልቪያ በጭነት መኪና ኋላ ተቀምጣ ሄደች። ወዴት እንደተዛወረች ሽካንሃ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ የጠየቀም አልነበረም።

እኔ ውሃ ቀዳሁ፣ ወፍጮ ቤት ተሰለፍኩ፣ ለነጋዴ የመረብ አልጋ ሠራሁ፤ አሁንም እሠራለሁ፣ እጄን ብታዩት ክር የሄደበት ቦይ አለው። ሶኮሮ ስታድግ ዘመኑ ሌላ ሆነ። የቧንቧ ውሃ ገባ፣ እዚሁ ሁለተኛ ደረጃ ተከፈተ፣ አባቴም አርጅቶ ለዘበ። ተማረች። ማዘጋጃ ቤት ገባች። የልጆቼን ሁሉ የልደት ወረቀት የጻፈችው እሷ ናት፤ ጽፋ ስትጨርስ "እዚህ ጋ ፈርሚ፣ እቴ" ትለኛለች በጣቷ እያሳየች፣ ቦታው የማይታየኝ ይመስል። ክፉ አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ለበዓል ጨርቅ ታመጣልኛለች፣ ስታመም ታስታምመኛለች። እኔ ግን ብዕር ይዛ ባየኋት ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ፤ አርባ ዓመት።

ባለፈው ዝናብ ሶኮሮ የመዝገቡ ሹም ሆና ተሾመች። ማዘጋጃ ቤቱ በድምፅ ማጉያ ሙሉ ስሟን ሦስት ጊዜ ጠራ። እኔ እናቴ ዘንድ ነበርኩ። አባቴ ከሞተ ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት እሄዳለሁ። በመረብ አልጋዋ ጠርዝ ላይ አስቀምጬ ፀጉሯን አበጥርላት ነበር፤ ከሰባ አልፏታል፣ ፀጉሯ እፍኝ አይሞላም።

"ሰማሽ?" አለችኝ።

"ጆሮ አለኝ፣ እማ።"

"ቀስ በይ፣ ፀጉሬን ነቀልሽው። አሁንም ትቀኛለሽ?"

"በምኑ?"

"አንቺም እኮ እዚያ ትቀመጪ ነበር። ራስሽ እንቢ ብለሽ ነው። ያቺ ምስኪን መምህርት ላንቺ ስትል ስንት ተዋረደች!"

ማበጠሪያው ቆመ። ከዚያ እንደገና አስኬድኩት። እናቴ ፊቷ ወደ በሩ ነው፣ አታየኝም።

"አባትሽ ከፋሲካ በኋላ ከትምህርት ሊያስቀርሽ ቆርጦ ነበር" አለች። "እሷ መጥታ 'ሊብራዳን አታስወጧት፣ እስከ ስድስተኛ ልውሰዳት' ብላ ለመነችው። እሱ ደግሞ፣ ነፍስ ይማር፣ ለመሸሽ ሲል 'እንዲህ ያለ ልመና የምሰማው ከአበልጅ ነው' አላት። 'እንግዲያው አበልጅ አድርጉኝ' አለች! እኔማ በደስታ አለቀስኩ። መቼም አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ከግድግዳው ኋላ ቆመሽ ነበር። እግርሽን በእንጨቱ ሥር አየሁት።"

ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር በጣቴ ለቀምኩ።

"ጠየቅሁሽ፤ 'አልፈልግም፣ የምታመጣውንም አልፈልግም' አልሽኝ። ቅዳሜ ደግሞ ፍሬዋን ስትበያት አየሁሽ። ግድግዳው ላንቺ ብቻ ነው እንዴ የሚያሳየው? ታዲያ ልጅቷ በገዛ እጇ መንገዷን ከዘጋች እኔ አንሴልሞን ምን ብዬ ልለምነው? ዝም አልኩ።" አንገቷ ከእጄ ሥር ሲጠነክር ተሰማኝ። "አንድ ነገር ብቻ ነው ልቤን ሲበላኝ የኖረው። አንዳንዴ ሌሊት፣ ምናልባት ዘግይታ ደርሳ ሳትሰማ ቀርታ ቢሆንስ እላለሁ። ሰምተሽ ነበር አይደል?"

ደጅ ዝናቡ ቆሟል፤ ድምፅ ማጉያው አሁንም ይጮኻል። ያለኝ መልስ አንድ ቃል ነው፤ አልሰማሁም። አርባ ዓመት የያዘኝን ነገር አንስቼ እሷ ላይ ማስቀመጥ እችል ነበር። ትሸከመዋለች፤ እናት ናት። ስንት ቀን ትሸከመዋለች ግን?

"ሰምቼ ነበር" አልኳት።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። ትምህርቱን አልፈለግኩትም ነበር፣ እማ። ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ማውራት ይሻለኝ ነበር።"

እናቴ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። አንገቷ ላላ፣ ራሷም ወደ ኋላ እጄ ላይ ወደቀ።

"አውቄው ነበር" አለች። "ያልፈለግሽውን ማን ያስይዝሽ ነበር? ሶኮሮ ግን ትፈልግ ነበር።"

"አዎ፣ እማ" አልኳት። "ሶኮሮ ትፈልግ ነበር።"